ያልነበረችው ስድስተኛ ጳጉሜ

ጡረታ ወጥቼ ላስታ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?» መጀመሪያ ላይ «የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን» እያልኩ በኩራት እመልስ ነበር። ሰዉ ደም የምመረምር ይመስለውና የሆዱን ሕመም ይዘረዝርልኛል፤ ሽንቱን በጠርሙስ ይዞልኝ የመጣም አለ። ስለዚህ እውነቱን መናገር ጀመርኩ፤ ዝንብ ነበር የማረባው እላለሁ። ጎረቤቴ ቄስ ይህን የሰሙ ዕለት ከት ብለው ሳቁና «አይ አንተ! እኛ ስናባርረው የኖርነውን አንተ ደመወዝ እየበላህ ታረባ ነበር?» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ በእርግጥም ያስቃል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ቀን ግን አለች፣ ስለ እሷ ሳቅ የለኝም። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቀን ስል ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዋድላ ውስጥ፣ ኮን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሚሉት መስኮቱ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥን ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ዘር ውርስ ሲያስተምር ተማሪዎቹ በዓይናቸው እንዲያዩ ብሎ የፍራፍሬ ዝንብ አርባልኝ አለኝ፤ ያቺን በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ቀይ ዓይናማ ደቃቃ ዝንብ። የኮን ብርድ ግን አልሆነላትም። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይቀራል፣ የተፈለፈለውም እንደተኮራመተ ይሰነብታል። የእንጨት ሳጥን ሠርቼ አምፑል ሰቀልኩበት፤ ሳጥኑ ሲሞቅ ዝንቦቹ ነፍስ ዘሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑን በጋቢዬ ጠቅልዬ አቅፌው እቀመጥ ነበር። መምህራኑ «የዝንብ እናት» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ኮንን ለቅቄ ስወጣም ስሙ ተከተለኝ።

ከኮን ወደ ወገል ጤና ከተማ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። የወገል ጤናው ርዕሰ መምህር ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ዝንብ የሚባል በግቢያቸው እንዳይታይ ከለከሉኝ። «ጤና ጣቢያው አጥፉ እያለ እኛ ልናረባ ነው?» አሉ። እውነትም አላቸው። እዚያ ብርጭቆ ሳጥብና የሙከራ ቱቦ ስቆጥር ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ቀን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር ክፍል ዝንብ ማርባት የሚችል ቴክኒሺያን ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አገር ላይ ይወጣል ብዬ አስቤም አላውቅ። ሁለቴ አንብቤው ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

የምርምሩ ባለቤት ዶክተር ውብነሽ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ጠይም፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የሚያስሩ፣ ሲቆሙ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚሉ ሴት። ለቅጥር ፈተና ቀርቤ ስለ ሳጥኑና ስለ ጋቢው ስነግራቸው ሌላው ፈታኝ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አምፑሉ ባለ ስንት ሻማ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ባለ ስልሳ አልኳቸው። «ለዚያ ሳጥን አርባ ይበቃህ ነበር» አሉና ወረቀቴ ላይ ፈረሙ።

ዶክተር ውብነሽ የሚያጠኑት በነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚሠራ አንድ ጂን ነበር። ጂን ማለት አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ፣ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ትእዛዝ ነው። ይኼኛው አንጎል ገና ሲገነባ እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ክሩን ወዴት እንደሚዘረጋና የት እንደሚያቆም ያዛል። የእሱ ዘመድ የሆነ ጂን በሰውም ውስጥ አለ፤ ለዚህ ነው ሰው ላይ የማይሞከረውን ዝንብ ላይ የምንሞክረው። የፈረንጅ ስሙ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስለነበር ለአፌ አልመች አለኝ። ዶክተር አንድ ቀን «አባትህ ምን ነበሩ?» አሉኝ። ላሊበላ መሪጌታ ነበሩ አልኳቸው። «መሪጌታ ሥራው ምንድን ነው?» ማሕሌቱን ይመራል፣ እሱ ሳያነሳ ማንም አያነሳም፣ እሱ ሲያቆም ሁሉም ያቆማል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ይህም መሪጌታ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂኑ በእኛ ክፍል መሪጌታ ሆኖ ቀረ።

መሪጌታውን በነርቭ ሴሎች ውስጥ ብቻ ዝም ስናሰኘው የዝንቧ አንጎል ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ክንፏም እግሯም ደህና ነው፤ ግን ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ስናደርገው ጤነኞቹ ግድግዳውን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ እሷ ከታች ትቀራለች። እግሯን ታነሳለች፣ ወዴት እንደምታደርሰው ግን አታውቅም። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ብልቃጡን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ሰናይት ናት ትዝ ያለችኝ።

እህቴ አበቡ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ መንደር ነው የምትኖረው፤ ባሏ ገበሬ ነው። ታናሼ ናት፤ ከእናታችን ሞት በኋላ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ናት ብል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያ ልጇ ሰናይት ስትወለድ ጭንቅላቷ አነስ ያለ ነበር። አራት ዓመት ሆኗት አትሄድም፣ አትናገርም፣ አልፎ አልፎ ያንዘፈዝፋታል፤ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ግን መላ ሰውነቷ ይስቃል። አበቡ ሰናይትን ስታረግዝ ሁዳዴን ጾማለች፣ ፍልሰታን ጾማለች፣ ረቡዕና ዓርብን አላስታጎለችም። እኔ በየበዓሉ ስመጣ እጨቃጨቃት ነበር።

«አባ ፈቅደውልሽ የለ እንዴ? የንስሐ አባትሽ ብይ ካሉሽ ምን ቀረሽ?»

«አባማ ፈቀዱ። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩ» ትለኛለች።

ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ይህ ጭቅጭቅ ተመልሶ እሷው ውስጥ ገባ። ባገኘችኝ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድምዓለም፣ በጾሜ ይሆን?» ትለኛለች። እኔ ከምታውቀው ሰው ሁሉ ብቸኛው «የተማረ» ነኝ። አላውቅም ማለት ያንቀኝ ነበር።

ጥያቄዋን ለዶክተር ወሰድኩላቸው። እሳቸው ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ የሰናይትንና የወላጆቿን ደም በሐኪም አስቀድተው የእነሱንም ፈቃድ አስፈርመው ውጭ አገር ለሚያውቁት ሰው ላኩ፤ መልሱ ከዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ነገሩኝ። ሁለተኛ፣ «ዝንብ ስለ ሴት አትመሰክርም፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና አንድ ሙከራ አሰናዱ። እናት ዝንቦችን በሁለት ከፍለን፣ ለግማሾቹ የበቆሎ ዱቄትና ስኳር ከእርሾ ጋር፣ ለግማሾቹ ያለ እርሾ ማብላት። ለዝንብ ሥጋዋም ቅቤዋም እርሾ ነው። ከዚያ የልጆቻቸውን አንጎል ማነጻጸር።

ብልቃጦቹ ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርሾ ያለበትን «ፍስክ»፣ የሌለበትን «ጾም» አልኩት። ለእኔ ከዚህ የቀለለ ስም አልነበረም። ዶክተር ሲያዩት ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይህንን ስም አልወደድኩትም። እርሾ የሌለው ብለህ ጻፍ።»

«ያው ነው እኮ ዶክተር።»

«ያው አይደለም። ጾም ካልከው ዝንቧን ትተህ ሌላ ሰው ታያለህ።»

እሺ አልኩ። ስሙን ግን አልቀየርኩትም።

ስለ ዶክተር አሠራር ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ጥፋቴ አይገባችሁም። በእርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አይጽፉም፤ አልኮል ቢፈስበት እርሳስ አይለቅም። ቀን ሲቆጥሩ እንደ ቆሎ ተማሪ በጣታቸው አንጓ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ እያለ እሳቸው አውራ ጣታቸውን አንጓ ላይ እያሳለፉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው። ብልቃጥ አንስቼ የተጻፈበትን ላነብላቸው ስጀምር ያቆሙኛል። «መጀመሪያ ያየኸውን ንገረኝ። የተጻፈውን ኋላ ታነብልኛለህ» ይላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ፣ እጮቹ ምግቡ ውስጥ ናቸው ወይስ ወጥተው ግድግዳው ላይ ይሄዳሉ፣ ቀለማቸው ምን ይመስላል፣ ስንት ናቸው፣ ይህን ሁሉ እናገራለሁ። በአምስተኛው ቀን የደረሰ እጭ ምግቡን ትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአራተኛው ቀን ገና ሆዱን እየሞላ ነው። ይህ ሰዓት የማያስፈልገው ሰዓት ነው። ዶክተር ከወረቀት ይልቅ ለእሱ ያደሉ ነበር።

ሥራው ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው። የጨው ውኃ ጠብታ ላይ እጯን ታስቀምጣለህ። በአንድ መቆንጠጫ ወገቧን፣ በሌላው ጥቁሩን የአፏን ጫፍ ትይዛለህ፤ ትንፋሽህን ዋጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ትስባለህ። አንጎሏ ተከትሎ ይመጣል፤ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ፣ ሁለት ክብ እብጠት ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ቅቤና እድፍ የመሰለውን ከዙሪያው ታጸዳለህ። እጅህ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ይቀደዳል። በሥራ ዘመኔ ስንት ሺህ እንዳወጣሁ እግዚአብሔር ይወቅ፤ በዚህስ እጄን ማንም አያማውም።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። የፍስክ የተባሉትን አንጎሎች በነሐሴ አጋማሽ ጨርሰን ነበር። የጾም የተባሉት እናቶች ጳጉሜ ሁለት ቀን እንቁላል ጣሉ። ዶክተር እናታቸው ታመውባቸው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ስለነበር ቀሪውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም የሥራ ሰንጠረዥ ማውጣት ሰለቸኝና ባለፈው ዓመት ግድግዳ ላይ ለጥፌው የነበረውን የጳጉሜን ሰንጠረዥ ገለበጥኩት። እንደ ሰንጠረዡ አምስተኛው ቀን መስከረም አንድ ላይ ይውላል።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ውጭ ሴት ልጆች ከበሮ ይመታሉ። እኔ ደግሞ ጨርሼ ወደ በዓሉ ልወጣ ቸኩያለሁ። ብልቃጦቹን ብርሃን ላይ ሳነሳቸው እጮቹ ገና ምግቡ ውስጥ ናቸው። ግድግዳው ላይ አንድም የለም። አየሁ እኮ! በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። ዶክተር አጠገቤ ቢኖሩ ኖሮ «ያየኸውን ንገረኝ» ባሉኝ፣ እኔም በተናገርኩ፣ ገና ነው ባልን። እኔ ግን ብልቃጡ ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ። «ጾም» ይላል። ረሃቡ ነው ያዘገያቸው አልኩ በልቤ። አንጎሎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው፣ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ለካኋቸው። ከፍስኮቹ በግልጽ ያነሱ ነበሩ።

ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ እሱም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። የገለበጥኩት ሰንጠረዥ የሉቃስ ነበር። ያን ዕለት ያበቃው ዓመት ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜውም አምስት። እንቁላሉ ከተጣለ አራት ቀኑ እንጂ አምስት ቀኑ አልነበረም። በዚያ ዕድሜ ለአንድ እጭ አንድ ቀን ብዙ ነው፤ አንጎሏ በዚያች ቀን ውስጥ እጅግ ያድጋል። እኔ ያወጣሁት የተራበ አንጎል ሳይሆን ያልደረሰ አንጎል ነበር። የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ባሕረ ሐሳብን ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ጀምሮ ነው ያስተማሩኝ፤ ወንጌላዊው ማን እንደሆነ ሳልጠየቅ የምናገር ልጅ ነበርኩ። ሌላ ሰው ቢሳሳት አለማወቅ ነው ይባላል። የእኔ ምን ይባላል?

ዶክተር ተመልሰው ፎቶዎቹን ደጋግመው አዩ። «ይደገም» አሉ በመጨረሻ። «እስኪደገም ድረስ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ወደ ቤትህም እንዳትወስደው፤ ገባህ?» ገባኝ አልኩ። ከዚያ ለመስቀል ወደ ላስታ ሄድኩ።

አበቡ ቤት ደጃፍ ላይ ሰናይትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያጠበቻት ነበር። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የለመደችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ብታዩኝ! ለዓመታት በክርክር ያሸነፈችኝ እህቴ ናት። አሁን ማስረጃ ይዣለሁ።

«በዝንቦቹ ላይ አየነው» አልኳት። «እናትየዋ ስትራብ የልጇ አንጎል ያንሳል። ብዬሽ ነበር።»

እጇ የልጅቷ ፀጉር ላይ እንዳለ ቆመ። «እኔ ነኛ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ልጅቷን መልሳ ማጠብ ጀመረች፤ በጣም በቀስታ፣ እንግዳ ሰው የሰጣትን ልጅ እንደምታጥብ ሁሉ።

እኔ ደግሞ እሷን ያጽናናሁ መስሎኝ ጨመርኩበት። ሁለተኛ ከወለድሽ በደንብ ከበላሽ ጤነኛ ይሆናል አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ አበቡና ባሏ ፈርተው ሁለተኛ ልጅ አላሰቡም ነበር።

ጥር ላይ ማርገዟን ሰማሁ። ሁዳዴ ሲገባ ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እንቁላል በላች፣ ወተት ጠጣች፣ ሽሮዋ ላይ ቅቤ ጣል አደረገች። ቅቤ ሽታው አይደበቅም፤ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የንስሐ አባቷ ደግመው ፈቅደውላታል፣ ግን ፈቃዳቸውን ለመንደሩ ሁሉ እየዞሩ አይነግሩላትም። እየዋጠች ታለቅስ ነበር አለኝ ባሏ ኋላ። ወንድ ልጅ ወለደች። ካሳ ይሁነን ብለው ካሳሁን አሉት። በስድስት ወሩ ጭንቅላቱ እንደ እህቱ አነስ ብሎ መታየት ጀመረ፤ ሲያንዘፈዝፈው ደግሞ ከእህቱም የባሰ ነበር።

በዚያው ሰሞን የደሙ መልስ መጣ። ዶክተር ቢሯቸው ጠርተው አስቀመጡኝ። አበቡም ባሏም በሰው ውስጥ ያለው የመሪጌታው ዘመድ ጂን አንድ አንድ ብልሹ ቅጂ እንደያዙ፣ እነሱ በሌላው ደህና ቅጂ ጤነኛ ሆነው እንደኖሩ፣ ሁለቱም ብልሹውን የሚያወርሱት ልጅ ግን እንደ ሰናይት እንደሚሆን ነገሩኝ። በየእርግዝናው ዕድሉ ከአራት አንድ ነው አሉ። ምግብ የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ዶክተር ግን የቸገራቸው ሌላ ነበር። ያ ሙከራ የሚደገምበት ጊዜ መብራት ጠፍቶ ዝንቦቻችን ስላለቁ ሳይደገም ከርሟል፤ እሳቸውም ገና ያልተረጋገጠ ነው ብለው ለባልደረቦቻቸው ጉባኤ አንስተውት ነበር። ደብተሬን አስመጡና ገጽ በገጽ አነበቡ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። አውራ ጣታቸውን አንጓዎቻቸው ላይ አሳለፉ። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ያን ዓመት ወንጌላዊው ማን ነበር?» አሉኝ።

አፌን ከፍቼ ዮሐንስ ስል ነው የገባኝ። እሳቸው ደብተሩን በቀስታ ዘጉት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ኖሮ ሳይሻለኝ አይቀርም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሥተው የቀን አቆጣጠር ስህተት ነበር፣ ስህተቱም «የእኔ ነው» አሉ። ስሜን አላነሡም፤ «የእኔ» ያሉት ራሳቸውን ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ሙከራው ሲደገም የሁለቱ ወገን አንጎል ልዩነት አልታየበትም። ያለ እርሾ የኖሩት እናቶች የጣሉት እንቁላል ቁጥሩ ያንሳል እንጂ የተፈለፈለው ልጅ አንጎል ደህና ነበር።

ዶክተር አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ጠየቁኝ። «ለእህትህ ነገርካት?» እነግራታለሁ እላቸዋለሁ። የነገርኩት ግን ለባሏ ነው፤ እሱንም በግማሽ። ሐኪሞች ሌላ ልጅ ባትወልዱ ይሻላል ብለዋል አልኩት፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግረው። ዶክተር ውብነሽ በሳንባ ሕመም ሲሞቱ ይህን ጥያቄ እንደጠየቁኝ ነው የሞቱት። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ዕውቀታቸው ተናገረ። እኔ የማስበው «ነገርካት?» ያሉኝን ነበር።

በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ የካሳሁንን መንዘፍዘፍ የሚያስታግሰው መድኃኒትም ጠፋ። ስልክ አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ያገኘሁት አፈሩ ያልደረቀ መቃብር ነው። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ኖረ። እናቱ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሥጋ ወደሙ መቀበል ትታለች። የንስሐ አባቷ ቢለምኗትም አልገባ አለች። ለባሏ እንዲህ አለችው፦ «ጾሜ እሷን፣ በልቼ እሱን።» በአንደኛው ስለራበች፣ በሁለተኛው ጾም ስለሻረች፣ ሁለቱንም ራሷ ያጠፋቻቸው መስሏታል። እኔ ይህን እያወቅሁ ዓመታት ዝም አልኩ። ስንት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ስለ ዝናብና ስለ ከብት አውርቼ ተመለስኩ! ያፈርኩት ስህተቴን አልነበረም፤ ሰው ይሳሳታል። ያፈርኩት እሷ ባለቀሰች ቁጥር እያየሁ መቀመጤን ነው።

ጡረታዬን አስከብሬ ስመጣ ወደ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰናይት፣ ዛሬ ቁመቷ እናቷን የሚያህል፣ ከእናቷ አጠገብ ቁርበት ላይ ተጋድማ እጇን ምስሩ ውስጥ እየከተተች ትስቃለች። ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስለ ሉቃስና ዮሐንስ፣ ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ደሙ መልስ፣ መልሱ ከመጣ ስንት ዓመት እንደሆነው። የመሪጌታ ልጅ ናትና ጳጉሜውን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ቆይ እስቲ» አለችኝ። «እሷ በጾሜ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«እሱስ? በመብላቴ አይደለም?»

«አይደለም። እንደ ዓይን ቀለም የሚወረስ ነገር ነው። ከአንችም ከባልሽም። ማንም አላጠፋም፣ ማንም አልቀጣሽም።»

ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ እንዲያ ስታለቅስ የአባታችን ቀብር ላይ እንኳ አላየኋትም። ሰናይት ሳቋን አቆመች። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ተነሣሁ። ይቅር በይኝ እያልኩ የምለው ነገር ተምታታብኝ። በትክክል ቆጥሬ ቢሆን፣ አፌን ዘግቼ ቢሆን፣ ያን ሁሉ መከራ ባላየሽ፣ ያ ልጅ ባልተሠቃየ አልኳት።

በእጇ አቆመችኝ። ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ።

«በትክክል ብትቆጥር ኖሮ ካሳሁን አይወለድም ነበር?»

ለአንድ ጊዜ እንኳ ያየሁትን ልናገር ብዬ «አዎ» አልኳት። «ፈርታችሁ ትተዉት ነበር። እኔ ነኝ ያደፋፈርኳችሁ።»

«ታዲያ ምኑን ነው ይቅር የምልህ?» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ለእሱ መወለድ ከሆነ፣ ወንድምዓለም፣ ይቅርታህን አልፈልገውም፤ ይዘኸው ሂድ። አንገቴን አቅፎ ይተኛ ነበር። ልጄ ያንተ ስህተት አይደለም። እንዲህ ብለህ ዳግመኛ እንዳትጠራብኝ።»

የሰናይትን ፀጉር ዳሰሰች።

«ብዬሽ ነበር ስላልከኝ ከሆነ ግን ጠይቀኝ። እሱን ነው ይዤው የኖርኩት። ልጄን እያጠብኩ ነበርኩ፤ አንተ ደስ ብሎህ ነበር።»

ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ደስታ ሰው አይቶብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዶክተርም አያውቁትም፣ ደብተሬም ላይ የለም። ስለዚያች ደስታ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስሟን ጠርቼ፣ እንደ ታላቅ ሳይሆን እንደ በደለ ሰው። ሰፌዱን ወደ ጭኗ መልሳ ምስሩን መልቀም ጀመረች። በማግሥቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት፤ ከቅጥሩ በር ላይ ትንሽ ቆመችና ገባች። እኔን ግን ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም።